ቦራን ማን ይለባት

አባይነሽ በተቀበረች ማግስት ላሟ ቦራ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ትጮህ ነበር። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ጩኸቷን በሰማ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ የሟች ባል ታላቅ እህት፣ ከጮሌ የመጡት እትዬ ተሻለች፣ እጃቸውን ወደ በረቱ ዘርግተው፣

«ስሙ እንግዲህ፤ እንስሳዋ እንኳ እመቤቷን እየተጣራች ነው» አሉና ለቅሶውን እንደ አዲስ አስነሱት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ላሚቱም ተቀበለቻቸው።

ባልየው ገብረወልድ አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «ግቷ ሞልቶ ነው» አለኝ።

«የማን?»

«የቦራ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልታለበችም።»

ከቀብር ከተመለስን ወዲህ ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነበር። ተነስቼ ለእትዬ ተሻለች ነገርኳቸው።

«ላሚቱ የምትጮኸው ስላልታለበች ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ሀብተ ማርያም፣ ሙያህ ልብስ መስፋት መስሎኝ። ላም አታዝንም ያለህ ማነው?»

«ታዝን ይሆናል። ግን ግቷ ተወጥሯል።»

«ሰው ሞቶ ስለ ወተት ያወራል» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገባቸው ላለችው ሴት። ሴትየዋም ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

እኔና ገብረወልድ አሰላ ገበያው ዳር አንድ በረንዳ ተካፍለን ስንሠራ ብዙ ዓመታችን ነው። እኔ በመኪና እሰፋለሁ፤ እሱ ኮርቻ ይሠራል። እሱ ወስፌውን ሲመታ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ «መጣ» እንባባላለን፤ ሲያባራ ደግሞ አንባባልም፤ ማባራቱን ሁለታችንም እናያለን። አባይነሽ ምሳውን ይዛ በመጣች ቁጥር «የእናንተን ዝምታ ከምሰማ የቦራን ማመንዠክ ብሰማ ይሻለኛል» ትል ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት ገብረወልድ ሲሬ ኮርቻ ሊያደርስ ሄዶ ነበር። በብብቷ የያዘችውን ጥቅልል ቀሚስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። እኔው የሰፋሁት ነው። ሲሰፋ ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዘመን ላም ስታልብበት ኖራ ለቀለሙ ስም የሚያወጣለት የለም። ሽታው ደግሞ ቅቤ፣ ጭስ፣ እበት፣ የረጋ ወተት፣ ሁሉም ባንድነት ነው።

«ክርኑን ጥቀምልኝ። እንዳታጥበው ብቻ።»

«ይህን ለብሰሽ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ?»

«ሰው ፊት ማን ቆመ? የምታየኝ ቦራ ናት።»

ሥራ ሲያልቅ እጠቅመዋለሁ ብዬ ከምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ ጎኗን ወጋት ብላ ተኛች። በውጋቱ መሃል እንኳ ግድግዳ ይዛ እየወጣች ቦራን ታልባት ነበር። ከዚያ መውጣቱን ተወች፤ ከዚያ ሞተች።

ሐዘንተኛ ማጽናናት ብዙ ሰው የሚወደው ሥራ ነው። ያን ቀን በደንብ አየሁት። ጓደኛዬን ለማጽናናት የመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ለመሆኑ ምን አገኛት?» ይላል። ገብረወልድ አይናገርም። ስለዚህ እትዬ ተሻለች ይናገራሉ፤ እሳቸው የደረሱት ለቀብር ነው፤ በሽታዋን አላዩም። ጠዋት ሲተርኩ አባይነሽ የሞተችው በውጋት ነበር። ረፋዱ ላይ ሞቷን በሕልሟ ማየቷ ተጨመረ። ቀትር ሲሆን ነጭ ወፍ መጥቶ ጣራው ላይ አርፎ ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጣራው ላይ የወጣችው የጎረቤታችን የፋጡ ዶሮ ናት፤ ቀይ ናት፤ ሁልጊዜም ትወጣለች።

ከዚያ ማጉረስ ነው። የመጣው ሁሉ የእዝን እንጀራ ቆርሶ ገብረወልድ አፍ ላይ ይደቅናል። «በሞቴ።» «እምቢ ካልክ በሞቴ።» ሰው በሞተበት ቤት ሁሉም በሞቴ እያለ ያጎርሳል። ገብረወልድ ለአንዱ አፉን ከከፈተ ሌላው ይቀየማል፤ ለሌላው ከከፈተ ሦስተኛው ተራ ይዟል። ጉንጩ ሞልቶ መዋጥ ሲያቅተው «አየህ፣ ሐዘኑ ጉሮሮውን ዘጋው» ተባለ።

ቢነሳም አይሆንለትም። ወደ በረቱ ሊሄድ ብድግ ሲል ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙ።

«ተቀመጥ ወንድሜ፤ ሐዘንተኛ አይነሳም።»

«ላሚቱን…»

«አይዞህ፣ አይዞህ።»

«ላሚቱን ልያት።»

«ራሱን ሊጎዳ ነው፤ ቀበቶውን ፍቱለት» አለ አንዱ። ቀበቶውን ፈቱለት። ሌላው የጋቢውን ጫፍ መቀመጫው ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ወደ ጓሮ ሲወጣ እንኳ ሁለቱ አጅበውት ሄዱ፤ አንደኛው እስከ ሽንት ቤቱ ደጅ ድረስ ስለ መሬት ክርክሩ እየነገረው። በመሃል ቦራ በጮኸች ቁጥር አንድ ሽማግሌ «እሱ ሰጠ፣ እሱ ነሳ» ይላሉ። ሌላ ነገር ሲሉ አልሰማሁም።

እኔ ወጥቼ ፋጡን ጠራኋት። ፋጡና አባይነሽ በአጥር ላይ ሆነው የሚያወሩት ወሬ አንዷ በአማርኛ ትጀምረዋለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ እንዲህ ሲኖሩ ኖረዋል። ነገሩን ስነግራት ለቅሶዋን አቋርጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ለእኔ ትሰጠኝ ይሆን? አምና እንኳ አባይን ስንት አስለምናለች።»

አምና የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቦራ ጥጃ በተወለደ በሳምንቱ ሞተ። ላሚቱ ወተት ከለከለች፤ የቀረበውን ሁሉ ትራገጣለች። ሰው በመከረው መሠረት የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው አጠገቧ አቆሙላት። አሸተተችው፣ ከዚያ ጭዱን መዝዛ በላች። አባይነሽ ምክሩን ሁሉ ተወችና ያን ቀሚሷን ለብሳ፣ በመዳፏ ጨው ይዛ፣ በርጩማዋን ላሚቱ ጎን አድርጋ ተቀመጠች። ገብረወልድ «ምን እየሠራሽ ነው?» ቢላት «ተቀምጫለሁ» አለችው። በማግስቱም ተቀመጠች። ስንት ቀን እንደተቀመጠች አላውቅም፤ አንድ ጠዋት ላሚቱ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወተቱን ለቀቀችላት። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በቀር ለማንም ታልባ አታውቅም።

ፋጡ ማለቢያውን ይዛ ገባች። «ኮቱ፣ ኮቱ» ስትል ሰማኋት፤ ነይ፣ ነይ ማለቷ ነው። ትንሽ ቆይቶ ማለቢያው ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ ፋጡ ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ወጣች። ሴቶቹ ሮጠው አቀፏት።

«አይዞሽ እህቴ፤ እሷስ አርፋለች።»

«ወገቤን ነው» አለች ፋጡ። አልሰሟትም።

የተሰበረውን ማለቢያ ያነሱት አቶ ገብረ መድህን ናቸው፤ የእትዬ ተሻለች ባል፣ ጮሌ እህል ነጋዴ። ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር ሳይወሰን ሲበተን የሚያማቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ስብርባሪውን እያገላበጡ ወደ ዳሱ ገቡ።

«ላሚቱ ነጥፋለች» አሉ።

«አልነጠፈችም፤ ከልክላ ነው» አልኩ።

«በነጠፈችና በከለከለች መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? ወተቱ ሁለቱም ዘንድ የለም።» ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። «ነገ ሳጉሬ ገበያ ነው። በጠዋት ትነዳና በወይፈን ትለወጥ። ወይፈኑ እስከ ተዝካር ይሰባል። ለነፍሷም የሚበጃት ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ነገር ሲነቀንቁ ነው የዋሉት።

«ቦራ አትሄድም» አለ ገብረወልድ።

«ይገባናል ወንድሜ» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «አንተ እንዲህ ያለ ነገር አታስብ። እኛ እያለን?»

ጠጋ አልኩት። በጆሮዬ፣ ኮርቻ እንደሚለካ ሰው ረጋ ብሎ፣ «የሞተች ዕለት ሊነጋጋ ሲል ያለችኝ አንድ ነገር ነው» አለኝ። «'ቦራን ለማንም እንዳትሰጥብኝ' አለችኝ። አደራ አለችኝ። ስለ ራሷ ምንም አላለችም።»

«ይህን ነግረሃቸዋል?»

«ደጋግሜ ነገርኳቸው። እግዜር ያጥናህ አሉኝ።»

እኔም ከጠዋት ጀምሮ የምነግራቸው ስላልታለበች ላም ነው፤ ለእኔም ከንፈር ነው የመጠጡልኝ።

ገብረወልድ እንደገና ተነሳ። የጋቢው ጫፍ የተቀመጠበት ሰውዬ ሥር ቀረ፤ እሱ ጋቢውን ትቶለት ቆመ። «ቀሚሷን አምጡልኝ» አለ።

ዳሱ በለቅሶ ተናወጠ። ሰው ሲጠብቀው የዋለው ይህንን ነበር። ቀኑን ሙሉ እንባ አልወጣውም፣ ሐዘኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊጎዳው ነው እያሉ ሲሰጉ ነበርና አሁን ናፍቆት መጣለት ብለው ደስ አላቸው።

«ጠረኗን ሽቶ ነው፤ አይ አንተ የኔ ምስኪን» አሉ እትዬ ተሻለች።

«ለላሚቱ ነው። ቦራ የምታውቀው በጠረን ነው። ስታልብ የምትለብሰውን አምጡልኝ።»

«ልብሷን ሁሉ አጥቤዋለሁ» አሉ እትዬ ተሻለች፣ አሁን በኩራት። «ትናንት ከቀብር እንደተመለስን አንድ ሳላስቀር በእንዶድ አጠብኩት። በአርባው ለነፍስ አባቷ የሚሰጥ ልብስ ቆሽሾ ይሰጣል?»

አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ገብረወልድ ሁለቱ ሰዎች እንደያዙት ሄዶ አንድ በአንድ አንስቶ አሸተተ። የክት ቀሚሷን፤ ነጠላዋን፤ መቀነቷን። ከኋላው ሴቶቹ ይንሰቀሰቃሉ። የመጨረሻውን አሽትቶ ሲመልስ ፊቱን አየሁት፤ በረንዳው ላይ ስንት ዓመት ጎኑ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም።

«እንዶድ ነው» አለኝ። «ሁሉም እንዶድ ነው።»

ያኔ ነው ከምስማሩ ላይ የሰቀልኩት ትዝ ያለኝ።

እስከ ገበያው በግማሽ ሩጫ ወረድኩ። በረንዳው ላይ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት፣ ጨርቅ ነጋዴው ከዲሮ፣ አፍንጫውን በሻሹ ጫፍ ሸፍኖ ተቀምጧል።

«ሀብተ ማርያም፣ እባክህ ይህን ነገር ከዚህ አንሳልኝ፤ ደንበኛ ሸሸኝ።»

«ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ወዴት?»

«ለቅሶ ቤት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ደነገጠ። «ለሽታው ነው ያልኩት። ለሟቿ አላህ ይዘንላት።»

ቀሚሱን በብብቴ ይዤ ስደርስ እትዬ ተሻለች ገና ከሩቅ አፍንጫቸውን ጨመደዱ። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ? ስጠኝ፣ ውኃው ገና አልተደፋም።»

«እትዬ ተሻለች፣ ይህን ከነኩት እንጣላለን» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ለታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ፋጡ ልልበሰው አለች። እጇን አስገባች፤ ክርኗ ላይ ሲደርስ ቀረ። ፋጡ ሰፊ ሴት ናት፤ እንደማይገባት ሳትሞክረውም አውቄዋለሁ፣ ግን ሙያዬን ለማሳየት ጊዜው አልነበረም። እትዬ ተሻለችን ብናያቸው አማተቡ። «የሟች ልብስ? ተዝካሯ ሳይወጣ? ሞት እንዲጠራኝ ነው?»

ገብረወልድ ከፋጡ እጅ ላይ ወሰደው። ከሱሪው በላይ ለበሰው። እሱ አጭር፣ አባይነሽ ረጅም ነበረችና ቀሚሱ መሬት ጠረገ። ነጠላዋን ከአጥሩ አንስቶ አሸተተ፣ መለሰው፣ ዳሱ ውስጥ ትቶት የነበረውን ጋቢውን አስመጥቶ በራሱ ላይ ጣለ። ፋጡ ከቤቷ ሌላ ማለቢያና አንድ እፍኝ ጨው አመጣችለት።

«ወንድ ልጅ ላም ሊያልብ?» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «በቀሚስ?»

ክንዱን የሚይዙት ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ሐዘንተኛ ወንድን መያዝ ያውቃሉ፤ ቀሚስ የለበሰን ግን በየት በኩል እንደሚይዙት አላወቁም፤ ለቀቁት።

በዚያው ሰዓት ከጮሌ በጭነት መኪና የመጡ ዘመዶች ከበሩ ላይ «ወይኔ አባይነሽ፣ ወይኔ እመቤቴ» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ፊት የነበረችው ሴት ቀና ስትል የአባይነሽ ቀሚስ ማለቢያ ይዞ ግቢውን ሲያቋርጥ አየች። ዋይታዋ ከመሃል ተቆረጠ። ከኋላዋ ያሉትም እየተጋጩ ቆሙ። አባይነሽ ሪዝ እንዳልነበራት ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ፈጀባቸው። ሽማግሌው «እሱ ሰጠ…» ብለው ጀመሩና ቀሪውን ተዉት።

ገብረወልድ በረቱ ገባ። በርጩማው እዚያው አባይነሽ የተወችበት ቦታ ነበር። ተቀመጠበት። ላሚቱ ዞር ብላ አየችው፤ እግሯን አነሳች። እሱ አልተንቀሳቀሰም፤ «አይዞሽ» አላላትም፤ «ኮቱ»ም አላላትም። ጨዉን በመዳፉ ዘርግቶ ተቀመጠ። የሚያውቀው ሥራ ነው፤ በረንዳው ላይ ስንት ዓመት ሠርቶታል።

ሰው ሁሉ ከበረቱ አጥር ውጪ ተኮለኮለ። ቦራ አፍንጫዋን ወደ እጅጌው አስጠጋች። የተቀደደውን ክርን አሸተተች፣ ትከሻውን አሸተተች፣ ብዙ አሸተተች። ከዚያ ጨዉን ላሰች፣ እግሯንም መሬት አስነካች።

ገብረወልድ አልቦ አያውቅም። መጀመሪያ የወጣው ጠብታ ነው፤ ፋጡ ከአጥሩ ውጪ ሆና ጣቶቿን እያጠፈችና እየዘረጋች ታሳየዋለች። ከዚያ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጭ ወተት ማለቢያውን ሲመታ ድምፁ ተሰማ። ላሚቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። መጮኋን ተወች። ጆሮዬ ምን ያህል ደክሞ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ገብረወልድ ግንባሩን የላሚቱ ጎን ላይ አሳረፈ። እጁ ሥራውን አላቋረጠም። ጀርባው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አለቀሰ» አሉ እትዬ ተሻለች። «ተመስገን፣ አለቀሰ። ልግባ፣ ልቀፈው።»

«አይገቡም» አልኩ።

የበረቱ መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር። እዚያ ለመቆም አስቤ አልነበረም፤ እንዲሁ ስመለከት ቆይቼ እዚያ ነበርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቱ ነኝ እኮ።»

«ያውቃል።»

«አይዞህ የሚለው ሰው አያስፈልገውም?»

«ከጠዋት ጀምሮ ተብሏል።»

አንዱ ክንድ ያዥ በጎኔ ሊያልፍ ሞከረ። አጥሩን ያዝኩና እግሬን ዘረጋሁ። እኔ ጉልበተኛ ሰው አይደለሁም፣ ግን የበረቱ በር ጠባብ ነው። ከጮሌ የመጣችው ሴት እጇ ላይ የቆረሰችውን ጉርሻ ይዛ ታየኛለች። «በሞቴ በልልኝ» አለችኝ፣ ለእሱ እንዳቀብልላት። ተቀበልኳትና ራሴ በላሁት። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ብላ ያለኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቆምን። ከወተቱ ድምፅ በቀር ሌላ አይሰማም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ግቢ ከሞቱ ወዲህ አልነበረም፤ ሰዎቹም ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ዞር ብሎ ያየዋል።

አቶ ገብረ መድህን አጥሩን ተደግፈው ማለቢያው እስኪሞላ ጠበቁ። ሲሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልነጠፈችም» አሉ፣ ለማንም ሳይሉ።

«ከልክላ ነበር» አልኩ።

«የምትታለብ ላም በወይፈን አትለወጥም» አሉ፤ ይህም የእሳቸው ውሳኔ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገብረወልድ ማለቢያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የቀሚሱን ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ ላይ የቦራ ጸጉር ተጣብቋል። ወተቱን ለፋጡ ሰጣት። ሰዎቹ ክንዱን ሊይዙ መጡና ክንዱን ሲያይ አብረውት አዩ፤ የክርኑ ቅዳድ በፋጡ ሙከራ ሰፍቶ ሥጋው ይታያል።

«አልጠቀምከውም» አለኝ።

«ስጠኝ፤ አሁኑኑ እጠቅመዋለሁ። አላጥበውም።»

ትንሽ አሰበ። ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያ በረቱን አየ።

«ማታ ትታለባለች» አለ። «ካለብኩ በኋላ ውሰደው።»

ቀሚሱን ሳያወልቅ ዳሱ ውስጥ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሽታው ከእሱ ጋር ገባ። ጎኑ የነበሩት ሰዎች ራቅ ራቅ ብለው ቦታ ለቀቁ። እኔ ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ። የመደቡ አንድ ወገን ለእኛ ብቻ ሆነ።

በኋላ ደመናው ከጭላሎ ተራራ በኩል ጠቆረ።

«መጣ» አለ ገብረወልድ።

«መጣ» አልኩት።